ሶላር ፓነልን በቆርቆሮ ጣራ ላይ ነፋስ እንዳያነሣው አድርጎ መትከል

ደብረ ብርሃን በእናቴ ቤት ጣራ ላይ መጀመሪያ የተከልኋቸው ሁለት ሶላር ፓነሎች የቆዩት አራት ወር ነው። በየካቲት አንድ ከሰዓት በኋላ የተነሣ ነፋስ ፓነሎቹን ከታሠሩበት ቆርቆሮ ጋር ገልጦ ጎረቤት ጓሮ አሳረፋቸው። ሰው አልተጎዳም፤ የጎረቤታችን የጎመን መደብ ግን አልተረፈም። ስብርባሪውን ስሰበስብ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ከብሎኖቼ አንዱ እንኳ አልተሰበረም፣ አልላላም። ሁሉም የያዙትን አጥብቀው ይዘዋል፤ የያዙት ግን ቆርቆሮውን ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጣራ ላይ በወጣሁ ቁጥር የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ፓነሉን ወደ ላይ ብጎትተው ጉተታው የት ድረስ ይወርዳል? ፓነሉ ሀዲዱን (የሚያርፍበትን ረጅም ብረት)፣ ሀዲዱ እግሩን (ከጣራው ጋር የሚያያይዘውን ብረት)፣ እግሩ ማገሩን (ቆርቆሮው የሚመታበትን አግድም እንጨት)፣ ማገሩ ወራጁን (ከጣራው አናት ወደ ክፈፉ የሚወርደውን እንጨት)፣ ወራጁ ግድግዳውን ይዞ መገኘት አለበት። ከነዚህ አንዱ ከተቋረጠ የተቀረው ሁሉ ጌጥ ነው።

እዚህ የምጽፈው በአገራችን በብዛት ስለሚገኘው፣ በባሕር ዛፍ ወይም በተሰነጠቀ እንጨት ላይ ቆርቆሮ ስለተመታበት ተዳፋት ጣራ ነው። ምሳሌዬ በሁለተኛው ሙከራ እዚያው ቤት ላይ የተከልኋቸው አራት ባለ 400 ዋት ፓነሎች ናቸው። እያንዳንዱ 1.72 ሜትር በ1.13 ሜትር ይሆናል፣ 21 ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

የሚያስፈራው ክብደቱ አይደለም

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጣራው ይሸከመዋል ወይ?» ብሎ ነው። አራቱ ፓነሎች 84 ኪሎ፣ ሀዲዱና እግሩ ሲጨመር 100 ኪሎ ቢሆን ነው። ይህ ወደ 8 ካሬ ሜትር ላይ ሲበተን በካሬ ሜትር 13 ኪሎ ያህል ይደርሳል። እንጨቱ ጤነኛ ከሆነ ይህን አይሰማውም፤ ቆርቆሮ የሚመታው ሠራተኛ ራሱ ከዚያ በላይ ሆኖ ነው ሲመላለስበት የዋለው።

ነፋሱን እንመልከት። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በባሕር ጠለል ደረጃ በካሬ ሜትር 39 ኪሎ ያህል ይገፋል። ደብረ ብርሃንን በመሰለ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ 29 ኪሎ እንበል። በ8 ካሬ ሜትር ላይ ይህ ከ220 ኪሎ በላይ ነው። በጣራው ጠርዝና ማዕዘን ላይ ነፋሱ ስለሚጠማዘዝ ወደ ላይ የሚስበው ኃይል እጥፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ 100 ኪሎ ወደ ታች፣ 400 ኪሎ ወደ ላይ ብላችሁ አስቡ። ልዩነቱን የሚይዙት እግሮቹ ናቸው። አሥር እግር ካለ ለአንዱ ከ30 እስከ 35 ኪሎ ይደርሰዋል፤ ነፋስ ግን በእኩል ስለማያካፍል የዳሮቹ ከዚህ እጥፍ ይቀበላሉ። በደንብ እንጨት የገባ ብሎን ይህን በቀላሉ ይችለዋል። ከግማሽ ሚሊ ሜትር የቀጠነ ቆርቆሮ ግን ወረቀት እንደሚቀደድ ይቀደዳል።

የትኛው የጣራ ፊት

አውሮፓ የተጻፉ መመሪያዎች ፓነሉን 30 ወይም 35 ዲግሪ አዘንብሉት ይላሉ። ለእነሱ እውነት ነው፤ ለእኛ አይደለም። አዲስ አበባና አካባቢዋ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሚርቁ ፀሐይ አብዛኛውን ጊዜ ከአናታችን ብዙ አትርቅም። ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ያዘነበለ ጣራ ካላችሁ ፓነሉን ከጣራው ጋር አጣጥማችሁ አስተኙት። ይበልጥ እንዲያዘነብል ብላችሁ ከኋላ በብረት ብታስነሡት ለነፋስ ሸራ ዘረጋችሁለት ማለት ነው። ተዳፋቱን ለመለካት አንድ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ጣውላ በውሃ ልክ አግድሙና ከጫፉ እስከ ጣራው ያለውን ቁልቁለት ለኩ፤ 18 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 10 ዲግሪ ነው፣ 36 ከሆነ 20። ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ዝናቡ አቧራውን አጥቦ አይወስደውም።

ሁለት ፊት ያለው ጣራ ከሆነ ደቡብ የሚያየውን ምረጡ። ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ ግድም እስከ ነሐሴ መጨረሻ ግድም በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ያ ወቅት ግን ባብዛኛው ደመና ነው። ሰማዩ ጥርት የሚልባቸው የበጋ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ የምታዘነብልባቸው ናቸው። የደቡቡ ፊት ዛፍ ካጠላበት ግን ሳታመነቱ ሌላውን ውሰዱ። ጥላ ከአቅጣጫ ይልቅ ይጎዳል፤ የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ በአንዱ ፓነል ላይ ብትወድቅ አብረውት በተከታታይ የተገናኙትንም ታዳክማለች።

ኮርኒስ ውስጥ ግቡ

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ከኮርኒሱ በላይ ግቡ። አቧራውን የሚወድ የለም፤ ይህ ግን ከሥራው ሁሉ የሚበልጥ አንድ ሰዓት ነው። በካቻቪቴ ጫፍ ማገሩንና ወራጁን ወጋ ወጋ አድርጉ። ጤነኛ ባሕር ዛፍ አያስገባም። ጫፉ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በላይ ከገባ ወይም ዱቄት የመሰለ ነገር ከረገፈ ምስጥ ወይም ነቀዝ ቀድሟችኋል፤ ያ እንጨት ሳይቀየር ምንም አይተከልበትም።

ቀጥላችሁ ወራጁ ግድግዳው ላይ ካረፈው አግዳሚ እንጨት ጋር በምን እንደተያያዘ ተመልከቱ። በብዙ ቤት የምታገኙት አንድ ወይም ሁለት ምስማር ነው። በእናቴም ቤት እንደዚያ ነበር። ፓነሉን ከወራጁ ጋር የቱንም ያህል ብናስር፣ ወራጁ ራሱ በአንድ ምስማር ከቆመ ነፋሱ ጣራውን በሙሉ ሊያነሣው ይችላል። ፓነል በሚያርፍበት በኩል ያሉትን ወራጆች ሁሉ በላሜራ ቁራጭ ወይም በድርቡ በተጠመዘዘ ወፍራም ጥቁር ሽቦ ከግድግዳው አግዳሚና ከቋሚው ጋር እሠሩ። ወጪው ከአንድ ፓነል ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ቆርቆሮውንም እዩት። ከውስጥ ሆናችሁ ቀዳዳ ብርሃን ካያችሁ፣ ከላይ ዝገቱ ቀይ ሆኖ ከተላጠ መጀመሪያ ቀይሩት። ፓነል 25 ዓመት ይቆያል ተብሎ የሚገዛ ዕቃ ነው፤ ከሥሩ ያለው ቆርቆሮ በአምስተኛው ዓመት ካፈሰሰ ሁሉም ተነቅሎ ይወርዳል።

የድሮ የአስቤስቶስ ክዳን ያለው ቤት ካላችሁ ምክሬ አንድ ነው፦ ከነገሩ ጦም እደሩ። ሲበሳ የሚወጣው ብናኝ ሳንባን የሚጎዳ ነው፤ ክዳኑም ሰው ሲቆምበት ድንገት ይሰበራል። በግቢው ውስጥ በቱቦላሬ የተሠራ መቆሚያ ይሻላል። የሣር ጣራም እንዲሁ።

ወደ ጣራ ስትወጡ

መሰላሉ ከጣራው ክፈፍ በላይ አንድ ሜትር ይተርፍ። ከታች ያለው እግሩ ከግድግዳው የሚርቀው የቁመቱን ሩብ ያህል ነው፤ አንድ ሰውም ይያዘው። ወገባችሁ ላይ የምታስሩትን ገመድ በጣራው አናት አሻግራችሁ በማዶ ካለ ጠንካራ ዛፍ ወይም ምሰሶ ጋር እሠሩት። የምትረግጡት የምስማር ረድፍ ባለበት፣ ማለትም ማገሩ ላይ ብቻ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ደጋ ላይ ቆርቆሮው ውርጭ ስለሚይዝ እስከ ሦስት ሰዓት ታገሡ፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ደግሞ እጅ ያቃጥላል፣ ነፋሱም ይነሣል።

ከሁሉ በላይ ከምሰሶ ወደ ቤታችሁ የሚገባው የመብራት ሽቦ የት እንደሚያልፍ እዩ። ወደ አምስት ሜትር የሚጠጋ የአሉሚኒየም ሀዲድ ይዞ ጣራ ላይ መዞር ከሽቦ ጋር የመነካካት ጉዳይ ነው። ሽቦው ቅርብ ከሆነ መብራቱን አስቋርጡ።

ማገሩንና ወራጁን ከላይ ሆኖ ማግኘት

የቆርቆሮ ምስማር የሚመታው ማገር ላይ ስለሆነ የምስማሮቹ አግድም ረድፍ ማገሩ ያለበትን ይነግራችኋል። ወራጁን ለማግኘት ደግሞ ከክፈፉ ሥር ብቅ ብሎ የሚታየውን የወራጅ ጫፍ ፈልጉ። እዚያ ላይ ምልክት አድርጉና ኮርኒስ ውስጥ ያለው ረዳታችሁ ከአናቱ በኩል በመዶሻ እያንኳኳ ያመልክታችሁ፤ ከዚያ በሁለቱ መካከል ሲባጎ ወጥሩ። ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ እንደማይበቅል አትርሱ። ሲባጎው ቀጥ ያለ ነው፣ ወራጁ ግን መሃል ላይ አራት ጣት ያህል ዞር ብሎ ሊሆን ይችላል፤ መሃሉንም በማንኳኳት አረጋግጡ።

ማገርና ወራጅ የሚገናኙበት መስቀለኛ ቦታ ወርቅ ነው። እዚያ የገባ ብሎን ማገሩን አልፎ ወራጁን ይነክሳል፤ ከሰንሰለቱ ሁለት ቀለበት በአንድ ምት ተያያዘ ማለት ነው። በእኔ ጣራ ማገሮቹ በ90 ሳንቲ ሜትር፣ ወራጆቹ በአንድ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነበሩ። ስለዚህ ሁለት ሀዲድ በሁለት ማገር ላይ፣ በእያንዳንዱ ሀዲድ አምስት እግር ሆነ። ፓነሎቹ ቆመው ሲደረደሩ ጠቅላላ ስፋታቸው 4.58 ሜትር ነው፤ በመካከላቸው ያለውን ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ጨምሮ። ሀዲዱን 4.70 ቆረጥሁት።

በእግር መካከል ያለው ርቀት ከ1.20 ሜትር አይብለጥ፤ ሀዲዱም ከመጨረሻው እግር ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ አያልፍ። ከክፈፉ፣ ከአናቱና ከጎኖቹ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ግቡ። ነፋስ ጉልበቱን የሚያወጣው እዚያ ጠርዝ ላይ ነው፤ ዝናቡም ወደ አሸንዳው የሚወርድበት ቦታ ይፈልጋል።

መብሳት

የምጠቀመው በአንድ ወገኑ የእንጨት ጥርስ፣ በሌላው የብረት ጥርስ ያለው 10 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የማይዝግ ብሎን ነው። ከሶላር ዕቃ ሻጮች ዘንድ ከጎማ ማሸጊያውና ከማዕዘን እግሩ ጋር ይገኛል። ካጣችሁት ሙሉ ጥርስ ያለውን ዘንግ ቆርጣችሁ ወራጁን አሳልፉና ከሥር በሰፊ ብረትና በዳዶ እሠሩት። ይህኛው አድካሚ ቢሆንም ጥንካሬው ከመጀመሪያው ይበልጣል።

የምትበሱት የቆርቆሮውን ጀርባ፣ ማለትም ከፍ ብሎ የወጣውን ሞገድ ነው፤ ቦዩን፣ ማለትም ዝቅ ያለውን በፍጹም አይደለም። ውሃ የሚወርደው በቦዩ ስለሆነ እዚያ የተበሳ ቀዳዳ በየትኛውም ሲሊኮን አይድንም። «ጀርባው ላይ ሲጠብቅ ይጨፈለቃል» ብለው ቦይ ውስጥ የሚመቱ ሠራተኞች አጋጥመውኛል። ጨፍልቃችሁ ካላጠበቃችሁት አይጨፈለቅም፤ ጎማው በትንሹ እስኪያብጥ ብቻ ነው የሚጠብቀው።

ቆርቆሮውን በ12 ሚሊ ሜትር ፑንታ፣ እንጨቱን በ7 ሚሊ ሜትር ብሱ። ባሕር ዛፍ ሳይበሳ ብሎን ከገባበት ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ማገር ደግሞ የያዘ ይመስላል እንጂ አይዝም። መሰርሰሪያው ለጣራው ተዳፋት ቀጥ ያለ ይሁን። ብሎኑ ቢያንስ ስድስት ሳንቲ ሜትር እንጨት ውስጥ ይግባ። ስትጠመዝዙት እየከበደ መሄድ አለበት፤ ድንገት ከቀለለ እንጨቱን ስቷል ወይም ሰንጥቋል ማለት ነው። አውጡት፣ ቀዳዳውን ጎማ ባለው ብሎንና በሲሊኮን ድፈኑ፣ ሌላ ቦታ ፈልጉ። «ዘጠኙ ስለያዘ አሥረኛው ይለፍ» ማለት አይሠራም፤ የሚለቀው ሁልጊዜ አሥረኛው ነው።

ጎማው ከመውረዱ በፊት በቀዳዳው ዙሪያ ጥቂት ሲሊኮን ቀቡ። ከዚያ ጠረጉን አትዘንጉ። ከመብሳት የሚወጣው የብረት ፍርፋሪ አንድ ሌሊት ጤዛ ካገኘው ይዝጋል፣ ዝገቱም በደህናው ቆርቆሮ ላይ ጠባሳ ይተዋል። በቀለም ብሩሽ ወደ ታች ጥረጉት።

ኢጋ ቆርቆሮ ያላችሁ ሥራችሁ ይቀልላል፤ ጀርባው ጠፍጣፋ ስለሆነ እግሩ በደንብ ያርፋል። ሕጉ ግን ያው ነው፦ ጀርባው ላይ፣ እስከ እንጨቱ ወይም እስከ ብረት ማገሩ።

ሀዲዱና ፓነሉ

መጀመሪያ የሁለቱን ዳር እግሮች በአንድ ከፍታ አድርጉ፣ ሲባጎ ወጥሩ፣ የመካከሎቹን በሲባጎው ልክ ከፍ ዝቅ አድርጋችሁ አስተካክሉ። የጣራው ማገር ወጣ ገባ ቢሆንም ሀዲዱ ቀጥ ማለት አለበት፤ ጠማማ ሀዲድ ላይ የታሠረ ፓነል መስተዋቱ ሳይሰነጠቅ አይቆይም። ከቆርቆሮው እስከ ፓነሉ ሥር ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ተዉ። ፓነል ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሞቀ ቁጥር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከኃይሉ ከመቶ 0.35 ያህል ያጣል፤ 60 ዲግሪ ሲደርስ ከመቶ 12 ሄደ ማለት ነው። አየር ካለፈበት ይቀዘቅዛል። ከዚህ በላይ ከፍ ካደረጋችሁት ደግሞ ነፋሱ ከሥር ይገባል።

የአሉሚኒየም ሀዲድ ካላገኛችሁ ቱቦላሬ ይሆናል፤ ብየዳው ሁሉ ተፍቆ ሁለት ጊዜ ጸረ ዝገት ይቀባ፣ ክብደቱም ይቆጠር።

ፓነሉን የሚያወጡት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ከላይ አንዱ፣ ከታች አንዱ። ነፋስ ባለበት ቀን አታውጡ። ፓነል ይዞ ክፈፍ ላይ የቆመ ሰው ክንፍ የያዘ ሰው ነው። በሽቦው አንጠልጥላችሁ አታንሡት፣ መስተዋቱንም አትርገጡ። ፓነሉን ከሀዲዱ ጋር የሚያጣብቁት መቆንጠጫዎች የረጅሙን ጎን የሚይዙት ከየጫፉ ሩብ አካባቢ ነው። በእኔ ሀዲዶቹ በ90 ሳንቲ ሜትር ስለተራራቁ ከየጫፉ 41 ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ ትክክለኛ ቦታ ነው። የእናንተ ማገር አመቺ ካልሆነ ከፓነሉ ጋር የመጣውን ወረቀት ተመልከቱ፤ ከተፈቀደው ቦታ ውጭ የተያዘ ፓነል በነፋስና በበረዶ ይለመጣል።

ብሎኖቹን መጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ በመፍቻ። አምራቹ ሌላ ካላለ ለባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን 12 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃል፤ ይህ በ15 ሳንቲ ሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ ስምንት ኪሎ እንደመጫን ነው። በሙሉ ጉልበታችሁ አትጎትቱ። የማይዝግ ብሎን ደረቁን በፍጥነት ሲጠብቅ ጥርሱ ይጣበቅና አይጠብቅም፣ አይፈታምም፤ ጥቂት ግራሶ ቀቡት። የፓነሉን ፍሬም በራሳችሁ ቀዳዳ አትብሱ፤ ዋስትናውም ጥንካሬውም በዚያች ቀዳዳ ይወጣል።

ሽቦው

ፓነል ማብሪያ ማጥፊያ የለውም። ፀሐይ ካየ ኤሌክትሪክ አለው። እያንዳንዱ ፓነል ኃይል የሚወስድ ዕቃ ሳይገናኝበት 37 ቮልት ያህል ይሰጣል፤ አራቱ በተከታታይ ሲገናኙ 148 ይሆናል፣ በደብረ ብርሃን ቀዝቃዛ ማለዳ ደግሞ ከ150 ያልፋል። ይህ ሰው ይገድላል። ከ145 ቮልት በላይ የማይቀበሉ ኢንቨርተሮችም (የፓነሉን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ ወደሚሆን የሚለውጡ መሣሪያዎች) ስላሉ የዕቃውን ወረቀት አንብቡ። እኔ ሁለት ሁለቱን በተከታታይ፣ ጥንዶቹን በትይዩ አገናኘሁ። ስትገጥሙ ፓነሎቹን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኑ፤ ኃይል እየሄደበት ያለ ማገናኛ በፍጹም አትንቀሉ፣ ብልጭታው አይጠፋም።

ለፀሐይ የተሠራ 4 ወይም 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ተጠቀሙ። ቆርቆሮው ላይ አይተኛ፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው የቆርቆሮው ጠርዝ በዓመት ውስጥ ልባሱን ይቆርጠዋል። ከሀዲዱ ጋር እሠሩት። ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች እጥፍ ብሎ ይመለስ፤ ውሃው ከእጥፋቱ ይንጠባጠባል፣ ተከትሎት አይገባም።

ክረምቱ ነጎድጓዳም ለሆነበት አገር የመሬት ሽቦ የግድ ነው። የአሉሚኒየሙ ፍሬም ገጽ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ልባስ ስላለው ሽቦውን ልባሱን በሚበሳ ባለጥርስ ቀለበት እሠሩት። ራቁቱን መዳብ ግን ቆርቆሮውንም አሉሚኒየሙንም አታስነኩ። በዝናብ ጊዜ መዳቡ ሁለቱንም ይበላል፤ ልባስ ያለው ሽቦ ይሁን፣ መገናኛውም በቲን የተለበጠ ይሁን።

ከዚያ በኋላ

ሁሉም ካለቀ በኋላ አንዱን ጥግ ይዤ ወደ ላይ እጎትታለሁ፤ በቀልድ ሳይሆን በሙሉ ክብደቴ። ጣራው ራሱ አብሮ ሲንቀሳቀስ ከተሰማኝ ወራጁ ያልታሠረበት ቦታ አለ ማለት ነው፤ ወደ ኮርኒሱ እመለሳለሁ። ከወር በኋላ ብሎኖቹን ሁሉ እንደገና አጠብቃለሁ፤ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ቢያንስ አንዱ ላልቶ ይገኛል። የመጀመሪያው ዶፍ ዝናብ ሲወርድ ደግሞ ባትሪዬን ይዤ ኮርኒስ ውስጥ ነኝ፤ እያንዳንዱን ብሎን ከሥሩ አብርቼ እርጥበት እፈልጋለሁ። በበጋ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ማለዳ መስተዋቱ ሳይሞቅ፣ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል። ርግብ የሚበዛበት ሰፈር ከሆነ በፓነሎቹ ዙሪያ ወንፊት ሽቦ እሠሩ፤ ጎጆዋን ከሠራች በኋላ ማስለቀቅ ከባድ ነው።